አስቸኳይ! የልጄ ጣና ፈረሰብን፣ ነገ ጠዋት ነው የምታስረክበው

የቢቲ እናት (ሽምብጥ)፦
ሰላም ወላጆች፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ቢቲ ካርቶን ላይ በጭቃ የሠራችው ጣና አሁን ፈረሰ። «ውሃ የሌለው ጣና ምን ጣና ነው» ብላ በጆግ ውሃ ሞላችበት። ካርቶኑ ራሰ፣ ጭቃው ሟሟ፣ ዘጌ ተገንጥላ ደሴት ሆነች፣ ባህር ዳር ጭራሽ የለችም። ጭቃ በአንድ ሌሊት እንዴት ነው የሚደርቀው? ከሰል አጠገብ ባደርገው ይሰነጠቅ ይሆን? ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ቶሎ መልሱልኝ።

አባ ሚኪ (ቀበሌ 14)፦
ስንተኛ ክፍል ናት? ትምህርቱስ ምንድን ነው፣ ሥዕል ነው ሳይንስ? መምህሩ የጠየቀው ምንድን ነው? ይሄን ሳትነግሪን ምን ብለን እንርዳሽ?

የፋሲሎ ልጅ፦
ባህር ዳር ከሌለች እኛ አሁን የት ሆነን ነው የምንጽፈው?

ሰላም፦
አይዞሽ እህቴ። በፀጉር ማድረቂያ አድርቂው። የኔም ልጅ አምና እንደዚህ ሆኖበት በሱ ነው የተረፍነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ቅር አይበልሽና ይህ ሥራ የአንቺ ነው ወይስ የተማሪዋ? በእኛ ጊዜ ካርታ ሠርተህ አምጣ ሲባል ወላጅ አይነካውም ነበር። መጀመሪያ አቅጣጫ ነው የምናስተምረው። ተማሪው ጠዋት ሜዳ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞራል። ግራ እጁ ሰሜን፣ ቀኝ እጁ ደቡብ፣ ጀርባው ምዕራብ ነው። ከዚያ ክፍሉን ይስላል፣ ቀጥሎ ግቢውን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን። ሐይቅ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዛሬ ከሐይቁ ይጀመርና ልጁ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ካርታ ደግሞ ያለ መስፈርት (ስኬል) ሥዕል ነው እንጂ ካርታ አይባልም። ይህን ለመምህሯ ብትነግሪልኝ ደስ ይለኛል።

የፀዳለ ልጅ፦
ፀጉር ማድረቂያ ሞክሪ እናትዬ።

የቢቲ እናት፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ልጅቷ ራሷ ናት የሠራችው። ሦስት ቀን እጇ ጭቃ ነበር። እኔ ያፈረሰችውን ነው የማስነሳው።

5ኛ ክፍል ናት፣ አካባቢ ሳይንስ። በዚህ ወር ካርታ፣ አቅጣጫ፣ መስፈርትና የውሃ አካላት ነው የሚማሩት። ሞዴሉ ላይ ውሃው በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ከሚኖሩበት ነገሮች ደግሞ ሦስቱን አሳይታ ቆማ ታስረዳለች። ፀጉር ማድረቂያ ላላችሁኝ፣ መብራት ከ12 ሰዓት ጀምሮ የለም። በሻማ ነው ያለሁት።

እንዳለ (ድባንቄ)፦
የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጭቃ ማቡካት ለ5ኛ ክፍል ልጅ ምን ይጠቅመዋል? የኔ ልጅ ክፍል በዚህ ወር ክፍልፋይ ላይ ናቸው። ትናንት አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው ብለው «ሁለት አምስተኛ» አለኝ። ላዩን ከላይ፣ ታችኛውን ከታች ደምሮ! ይሄን ትተን ዘጌ ፈረሰች እያልን እናለቅሳለን።

አባ ሚኪ፦
እንዳለ፣ የሰው ልጅ እያለቀሰች ነው። ያንተን ልጅ ነገ እናስተምረዋለን።

ቀያሹ (ግሽ አባይ ሰፈር)፦
የቢቲ እናት፣ ጭቃውን ተዪው። አይደርቅም፤ እሳት አጠገብ ካደረግሽው ደግሞ ላዩ ብቻ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከመጀመሪያውም ጭቃ አያስፈልገውም ነበር። ለምን መሰለሽ?

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 15 ሜትር አካባቢ ነው። አሁን 1 ሴንቲ ሜትር ለ2 ኪሎ ሜትር እንበል። ሐይቁ ካርቶን ላይ 42 በ33 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያው ልክ 15 ሜትሩን ስታወርጂው 0.075 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የደብተር ቅጠል ማለት ነው! ስለዚህ ጆግ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ መቆፈር ራሱ ስህተት ነው። ጣና ትሪ ነው እንጂ ድስት አይደለም። ሰማያዊ ቀለም ብቻ የተቀባ ካርቶን ከጭቃው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ቢቲ ይህን ቆማ ካስረዳች መምህሯ ሌላ ምንም አይፈልጉም።

እንዳለ፣ መስፈርትም እኮ ክፍልፋይ ነው። ያ 1 ለ2 ኪሎ ሜትር 1/200,000 ማለት ነው። ልጅህን ከቢቲ ጋር አስቀምጠው።

ሰላም፦
ፀጉር ማድረቂያውን ጎረቤት ጋር ወስደሽስ?

የቢቲ እናት፦
ጎረቤትም መብራት የለም የኔ እህት።

ቀያሹ፣ ተባረክ። ግን በምን ልሥራው? ኮላም አልቋል፣ ሱቁ ዘግቷል። ደግሞ ሌላ ነገር፣ ጎርጎራ ከላይ ነው ከታች? ቢቲ አባይን በላይ በኩል ነበር ያወጣችው። ወንድሟ ደግሞ «ተገልብጧል» ይላታል።

የፎገራው፦
ወንድሟ ልክ ነው። ጎርጎራ ሰሜን ነው፣ ካርታ ላይ ከላይ። ባህር ዳር ደቡብ ናት፣ ከታች። አባይ የሚወጣው ከኛ ከባህር ዳር ነው፣ ከታች ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ። ርብና ጉማራ በኛ በፎገራ በኩል፣ ከምስራቅ ይገባሉ። መገጭ ከሰሜን፣ ከጎንደር በኩል። ግልገል አባይ ከታች በግራ በኩል፣ ከዘጌ አለፍ ብሎ። ትንንሽ ወንዝ ብዙ አለ፣ አራቱን ካስቀመጠች ይበቃታል። ደቅን ከመሃል ትንሽ ወደ ታች አድርጓት፣ ዳጋ ከጎኗ በምስራቅ። ዘጌ ደሴት አይደለችም፣ ከመሬት ጋር ትያያዝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ዋናውን ነገር እንዳትዘነጋ። አባይ ከሰከላ ከግሽ አባይ ተነስቶ ከጣና ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል። አባቶቻችን የነገሩን ይህንን ነው።

ቀያሹ፦
መምህር፣ እኔም አያቴ እንዲሁ ብለውኛል። በክረምት ከሰከላ የሚመጣው ግልገል አባይ ሲገባ ድፍርሱ ውሃ ለብቻው ስለሚታይ ይመስለኛል የተባለው። ግን ይቀላቀላል። በባህር ዳር የሚወጣው የርብም የጉማራም የመገጭም የዝናቡም ውሃ ነው። ልጅቷ ፈተና ላይ «አይቀላቀልም» ብላ ብትጽፍ እርስዎ ራስዎ ያርሙባታል።

ጡረተኛው መምህር፦
አላርምባትም።

የፋሲሎ ልጅ፦
መምህር እንደ አባይ ናቸው፣ ከማንም ጋር አይቀላቀሉም።

ሃና (ዘንዘልማ)፦
ሙጫውን እኔ ልንገርሽ። ሁለት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፣ እንዳይጓጉል። ከሰሉ ላይ አድርገሽ እስኪወፍር አማስይው። ሲበርድ ካርቶንም ወረቀትም ይይዛል። በስሱ ቀቢው፣ ካበዛሽው አሁንም ይርሳል። እኔ የመጀመሪያ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ፣ በየሳምንቱ በዚህ ነው የምንለጥፈው።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ቢሆን። አንዱን ካርቶን ሙሉውን ሰማያዊ አድርጊው። ቀለም ከሌለ ሰማያዊ የደብተር ሽፋን ወይም ሰማያዊ ፌስታል ለጥፊበት። ሁለተኛውን ካርቶን ቢቲ የጣናን ቅርጽ ስላ መሃሉን ቆርጣ ታውጣው። የተረፈውን ዳር ዳሩን በሰማያዊው ላይ ትለጥፈው። አለቀ፣ ሐይቁ ታች፣ መሬቱ ላይ። ቆርጣ ካወጣችው ላይ ደሴቶቹን ቀንጭባ ትለጥፋለች። የሚጠበቅ ነገር የለውም፣ ሌሊቱን መጽሐፍ ጫኑበት። መቀሱን ግን እናትየው ያዥ፣ በሻማ ካርቶን መቁረጥ ለልጅ አይሆንም።

ቀያሹ፦
የሃና ይበልጣል። ዳር ዳሩ አንድ ድርብ ካርቶን ይበቃል፣ ይሄም ራሱ ተጋንኗል። ተራራ ካማራት ግን ትጠንቀቅ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና ደግሞ 1,800 አካባቢ ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ በዚያው መስፈርት ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቦታው ግን ከካርቶኗ ውጪ፣ ሳሎን ወንበሩ ላይ ይወድቃል።

የቢቲ እናት፦
እየቆረጥን ነው። የዘይት ካርቶን አገኘን። ቢቲ ማልቀስ አቁማ «ጉናን ወንበር ላይ አደርጋለሁ» እያለች ነው። የሚኖሩትን ሦስት ነገሮች ንገሩኝ፣ ቆሮሶ ብቻ ነው ትዝ ያለኝ።

የፋሲሎ ልጅ፦
አምባዛ ጠብሰሽ በሰሃን ላኪላቸው። ነጥቡ ይሞላል።

የፎገራው፦
ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ። ዓሣ ብቻ እንዳይሆንባት ጉማሬ ትጨምር፣ አባይ መውጫ ላይ አለ። ከዕፅዋት ደንገል። ታንኳ የሚሠራው ከሱ ስለሆነ ለማስረዳትም ይመቻታል። እምቦጭን ከጠየቋት ደግሞ በሰሜን ምስራቅ፣ በኛና በደምቢያ በኩል ነው የሚበዛው። አረንጓዴ ክር ቆራርጣ እዚያ ዳር ትለጥፍ። የሚኖር ነው ወይስ የሚያስቸግር፣ እሷ ትወስን። እኛ ጀልባችን ሲያዝበት ወስነናል።

አባ ሚኪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። «ውሃው በየት ይወጣል» ሲሏት አባይ ብቻ ብላ እንዳታቆም። የጣና በለስ ማመንጫ በምዕራብ በኩል በዋሻ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። ከ2002 ጀምሮ እየሠራ ነው፣ 460 ሜጋ ዋት። እኔ እዚያ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

እንዳለ፦
460 ሜጋ ዋት ከጎናቸው ይመነጫል፣ እሷ ካርቶን በሻማ ትቆርጣለች።

ጡረተኛው መምህር፦
በተፈጥሮ መውጫው አንድ ነው፣ እሱም አባይ። በለስ የሰው ሥራ ነው። ሁለቱን ለይታ ትናገር። ይህን ከተናገረች እኔም አጨበጭብላታለሁ።

ቀያሹ፦
በዚህስ ከመምህር ጋር ተቀላቀልን።

የፀዳለ ልጅ፦
አሁንስ መብራት መጣ? ፀጉር ማድረቂያ

የቢቲ እናት፦
አልመጣም። ለጥፈናል፣ የአባቷ መዝገበ ቃላትና የስንዴ ጆንያ ተጭኖበታል። ዳጋን ግን ድመቷ ይዛት ጠፋች፣ ሌላ ቀንጭበናል። ሰሜን የሚያሳይ ቀስትም ሠርታበታለች፣ መምህር ያሉትን ብላ። ነገ እነግራችኋለሁ።

ሃና፦
ጠዋት ስትይዘው በአግድም ትያዘው፣ ባጃጅ ላይ እንዳይታጠፍ።

አባ ሚኪ፦
(በማግስቱ ማታ) የቢቲ እናት፣ እንዴት ሆነ? ጠፋሽ እኮ።

እንዳለ፦
እኔም እየጠበቅሁ ነው። በነገራችን ላይ ልጄን ካርቶን በስድስት እኩል ቆራርጬ አሳየሁት። ግማሹ ሦስት ቁራጭ፣ ሲሶው ሁለት ቁራጭ፣ በድምሩ አምስት ስድስተኛ። «ታዲያ መምህሩ ለምን በካርቶን አላሳዩንም» አለኝ።

ማርታ (ሰፈነ ሰላም)፦
ይቅርታ፣ አሁን ነው ያየሁት። የኔ ልጅ ሌላ ክፍል ነው፣ እነሱ ለሐሙስ ነው የታዘዙት። የጣና ቅርጽ በወረቀት የተሳለ ያለው ሰው አለ? ካርቶን እኔ አለኝ፣ ሁለት ትርፍ እሰጣለሁ።