አርቱ ዲቱ ጓደኛ ነው ወይስ ዕቃ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ስታር ዋርስ ከሚባሉት የጠፈር ፊልሞች የመጀመሪያውን አየን፤ በ1977 የወጣውን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። አርቱ ዲቱን ታውቁታላችሁ። አናቱ ክብ፣ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ፉጨትና ጩኸት ብቻ የሆነ ሮቦት ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሉክ አጎት ከነጋዴዎች ይገዛውና ሉክን "ነገ ከተማ ወስደህ ሜሞሪውን አስጠፋው" ይለዋል። ልጄ እዚህ ጋ ፊልሙን አስቆመኝ። "ለምን? ምን አጠፋ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

የኔ አቋም ይሄ ነው። አንድ ሮቦት "የልጅዎ ጓደኛ" ተብሎ ከተሸጠ ትዝታው በአንድ ሰው ትእዛዝ መደምሰስ የለበትም። ነገሩ ፊልም ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሞክሲ የሚባል የልጆች ሮቦት አለ፤ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። በ2024 መጨረሻ ላይ አምራቹ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። የሞክሲ ጭንቅላት የነበረው ራሱ ውስጥ ሳይሆን ኩባንያው ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚገናኘው ኮምፒውተር) ላይ ነበር። ስለዚህ ሮቦቱም አብሮ ዝም ሊል ነው ተባለ። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው መንገር ነበረባቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሞባይል ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ዕቃ ነው። እኔ በሳምንት ስንት ስልክ ፎርማት አደርጋለሁ። ስልኩን የሚያመው ነገር የለም። ሮቦትም ቺፕ፣ ባትሪና ሞተር ነው። ልጅሽ ያዘነው ልቡ ደግ ስለሆነ ነው እንጂ አርቱ ስለተጎዳ አይደለም። ይህን ለይተሽ ንገሪው።

የፊልም ወዳጁ፦ ያ ሐዘን ግን ዝም ብሎ አልመጣም፤ ታስቦበት ነው የተሠራው። የአርቱን ድምፅ የፈጠረው ቤን በርት ነው። እንደ ሕፃን እየተንተባተበ የራሱን ድምፅ ቀዳ፣ ከዚያ ከሲንተሳይዘር ድምፅ ጋር ቀላቀለው። አንድም ቃል ሳይናገር ሲከፋውና ሲቆጣ የምንለየው ለዚህ ነው። በብዙ ትዕይንቶች ደግሞ ውስጡ ሰው ነበረበት፤ ኬኒ ቤከር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር።

ወንድሜ ጠጋኙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አርቱ ደረቱ ላይ ማገጃ ብረት ተለጥፎበታል። እንዳያመልጥ ነው። ውስጡ ደግሞ ከአንዲት ልዕልት የተላከ መልእክት ይዟል፤ ብረቱን ካነሳህልኝ መልእክቷን በደንብ አሳይሃለሁ ብሎ ሉክን ያሳምነዋል። ብረቱ ሲነሳለት መልእክቱን ደበቀ፤ ሲመሽ ደግሞ ጠፍቶ ሄደ። ዕቃ እንዲህ ያደርጋል? የራሱ ዓላማ ነበረው። ለዓላማው ሲል ዋሸ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። በ2005ቱ ክፍል መጨረሻ ላይ የጓደኛው የሲስሪፒኦ፣ ሰው የሚመስለው ሮቦት፣ ሜሞሪ እንዲጠፋ ይታዘዛል፤ የአርቱ ግን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አብረው ሲዞሩ ያለፈውን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው። ሲስሪፒኦ እሱን ራሱን የሠራውን ልጅ እንኳን አያስታውስም። ፊልሙ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ማለፍ አልነበረበትም።

ከቤይሩት የተመለሰችው፦ እኔ ለአርቱ ማዘን አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር። ቤይሩት 4 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴ የማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም ነው፤ ከቤቷ ከወጣሽ ሕገወጥ ነሽ። ማገጃ ብረት የምትሉት እኔ ላይም ነበረ፤ አይታይም እንጂ።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ትዕይንት ላይ አስተናጋጁ ሮቦቶቹን እነዚህን አናስተናግድም፣ ውጭ ይጠብቁ ይላል። ሉክም እሺ ብሎ ያስወጣቸዋል። ማንም ምንም አላለም። እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ምግብ ቤት ወስደውኝ ልጃቸውን ይዤ ውጭ ጠብቄአለሁ።

በ2017 ሳዑዲ ሶፊያ ለምትባል ሮቦት ዜግነት ሰጠች ሲባል ዜናውን ከጓደኞቼ ጋር ተላላክነው። አለቀስን። ስለዚህ "የሮቦት መብት" ስትሉ ቃሉ ይከብደኛል። መጀመሪያ ሰው።

የሮቦቲክስ ተማሪው፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። የሶፊያ ነገር እኔንም ይመለከተኛል፤ ከሶፍትዌሯ የተወሰነው አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ የሚባል የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ነው የተሠራው። በ2018 አገራችን ስትመጣ ከአካሏ ክፍሎች የተወሰኑትን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ነበር። ዜጋ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ አይመጣም። ዜግነቱ ለማስታወቂያ ነበር፤ የሰውን ክብር ያቀለለ ማስታወቂያ።

አውሮፓም ይህን ክርክር አድርጋዋለች። በ2017 የአውሮፓ ፓርላማ እጅግ ለረቀቁ ሮቦቶች "ኤሌክትሮኒክ ሰውነት" የሚባል ሕጋዊ ማዕረግ ይታሰብበት ብሎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙት። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ተጠያቂው ሮቦቱ ከሆነ አምራቹ እጁን ታጥቦ ይወጣል።

እኔም ለሮቦቱ መብት አልጠይቅም፤ አምራቹ ላይ ግዴታ ይጣል ነው የምለው። ሶኒ አይቦ የተባለውን ሮቦት ውሻ በ1999 ሸጠ፣ በ2006 ማምረት አቆመ፣ በ2014 ጥገናውንም ዘጋ። ባለቤቶቹ ግን ውሾቹን ቆሻሻ ውስጥ አልጣሏቸውም። ጃፓን ውስጥ ኮፉኩጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ጸሎት ተደረገላቸው። ከዚያ አካላቸው እየተፈታ ሌሎች አይቦዎችን ለመጠገን ዋለ። የሞክሲም ቢሆን ኩባንያው በኋላ ሮቦቱን ቤት ካለ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር ለቋል። ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አይገደዱም?

ሞባይል ጠጋኙ፦ እዚህ ላይ አብሬህ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ውኃ የገባበት ስልክ አመጣ። አሮጌ ነው፤ ቢሸጥ ምንም አያወጣም። ውስጡ ግን የሞተች እናቱ ድምፅ አለ፤ በዋትስአፕ የላከችለት። ሁለት ቀን ታገልኩ። ቦርዱን አጥቤ፣ ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ቺፕ ቀይሬ አንድ ጊዜ አስነሳሁትና ድምፁን ገለበጥኩለት። ስልኩ በዚያው አልተነሳም። ልጁም ስለ ስልኩ አንድም ቃል አላለም።

ስለዚህ ሮቦቱ ዕቃ ነው፤ አልለወጥኩም። ውስጡ ያለው ግን የቤተሰቡ ነው። ኩባንያ ሲዘጋ ያንን ይዞ መሄድ የለበትም። ለመደምሰስ የሚያዝም ሰው መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ እኔ ደንበኛን ሳልጠይቅ ፎርማት አላደርግም።

የፊልም ወዳጁ፦ እዚያው የ1977ቱ ፊልም ላይ ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ሉክን ሮቦትህ ተጎድቷል፣ አዲስ እንስጥህ ይሉታል። እምቢ አለ። ከአርቱ ጋር ብዙ አሳልፈናል አለ። አዲሱ ያንን አብሮ አላሳለፈማ። ጠጋኙ ስለ ስልኩ ልጅ የጻፈውን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

ከቤይሩት የተመለሰችው፦ የእናት ድምፅ ካላችሁማ ይገባኛል። እኔም ከዚያ ስመለስ ስልኬን ቀምተው ፎቶዎቼን አጥፍተውብኛል። 4 ዓመቴ ምንም ፎቶ የለውም።

ጠያቂዋ፦ ያንን አላሰብኩትም ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጽሑፍሽን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። እሁድ ፊልሙን ስናይ እኛ ቤት የምትሠራው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር ያየችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ። ልጄ ስለ አርቱ ሲጠይቀኝ እሷ እዚያው ነበረች፤ እኔ አላየኋትም። ዛሬ ነገርኳት። በሚቀጥለው እሁድ ሁለተኛውን ክፍል አብረን ቁጭ ብለን እናያለን።

በሮቦቱ ነገር ግን ከጠጋኙ ጋር ገና አልተስማማንም።