በሐር ማራገቢያ ላይ ያለ ሥዕል፤ ለፍሬም ሠሪው ከመስጠቴ በፊት ምክራችሁን

የጣና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቻይና፣ ሃንግዡ ትምህርቴን ስጨርስ መምህሬ ክብ የሐር ማራገቢያ ሰጠችኝ። ቀኝ ጥጉ ላይ ገደል፣ አንድ ጥድና ትንሽ ታንኳ ተሥሎበታል፤ የቀረው ባዶ ነው። ፍሬም ሠሪው «እጀታውን ነቅዬ ካርቶን ላይ በኮላ እለጥፈዋለሁ» አለኝ፤ ልቤ አልፈቀደም። ምን ይሻለኛል? በእጅ የተሣለ ነው ወይስ የታተመ? ባዶው ቦታስ ሳያልቅ ቀርቶ ነው?

ብሩሽ፦ እህቴ፣ ኮላ በፍጹም እንዳያስነካው! ሐር በእርጥበት ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ካርቶኑ ጋር ከተጣበቀ ይጨማደዳል፣ ሲብስም ይቀደዳል። በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጊው። በእጅ የተሣለ መሆኑን ለማወቅ በማጉያ መነፅር እዪው። የታተመ ከሆነ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ይታዩሻል፤ በብሩሽ ከሆነ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሰርጎ፣ መስመሩ አንዴ ወፍሮ አንዴ ቀጥኖ ታገኚዋለሽ።

አሮጌ ወረቀት፦ ባዶው ቦታ ሥዕሉ ራሱ ነው። ጭጋግ ነው፣ ውሃ ነው፣ ሰማይ ነው። እኛ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የተሣለበት ቤተ ክርስቲያን እያየን ስላደግን ያላለቀ ይመስለናል። የተማርሽባት ሃንግዡ ደግሞ የዚህ አሣሣል አገሩ ናት። የደቡብ ሶንግ ሥርወ መንግሥት (ከ1127 እስከ 1279 እ.ኤ.አ.) መናገሻ በነበረችበት ዘመን የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ማ ዩዋን ተራራና ዛፉን ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ ሌላውን ለጭጋግ ስለሚተው «ባለ አንድ ጥጉ ማ» ይባል ነበር።

እጀታ መንቀል የቆየ ነገር ነው። የጥንት ሰብሳቢዎች ማራገቢያውን ፈትተው አልበም ውስጥ ያኖሩት ነበር፤ አንዳንዱ ላይ የእጀታው ምልክት ዛሬም መሐሉ ላይ ይታያል። ግን እነሱ የሚያጣብቁት በውሃ በሚለቅ የስታርች ሙጫ፣ በስስ ወረቀት ላይ ነበር። ያንቺ ደህና ስለሆነ ከነእጀታው ተዪው።

ብሩሽ፦ ጥልቀት ያለው የሳጥን ፍሬም አሠሪ፤ መስታወቱ ሐሩን አይንካው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። ሙዚየሞች ለሐር ሥዕል የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ አካባቢ ብቻ ነው፤ ደብዛዛ ክፍል ማለት ነው።

የጣና ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማጉያ አየሁት፤ ነጠብጣብ የለውም። ታንኳው ውስጥ አንድ ሰው ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ ተቀምጧል፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። ፍሬሙን በሳጥን አዝዣለሁ፣ የሚሰቀለውም ኮሪደሩ ላይ ነው።