ከመሪ ሥር የሚሰካው የኢንሹራንስ መሣሪያ ለሌሊት ሠራተኛ ይበጃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በሆስፒታል የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ኢንሹራንሴ ሊታደስ ሲል ወኪሉ ደውሎ፣ አነዳዴን የሚመዘግብ መሣሪያ ለ6 ወር ከመሪው ሥር ብሰካ ቅናሽ እንደማገኝ ነገረኝና ተስማማሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስመለስ አጋዘን ድንገት ከፊቴ ገባ። ፍሬን አጥብቄ ይዤ ሳልገጨው ቀረሁ፤ መሣሪያው ግን ጮኸ፤ በማግስቱም ነጥቤ ወርዶ አገኘሁት። በ11 ዓመት አንድም አደጋ ያላደረስኩ ሰው በዚህ ዋጋ ይጨመርብኛል? ልንቀለው ወይስ ልታገሥ?

መልስ 1፦
እንኳን ተረፉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት የኢንሹራንስ ወኪል ነበርኩና የማውቀውን ልንገርዎ። መሣሪያው የሚሰካው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ነው፤ ፍጥነትዎ በስንት ሰከንድ እንደወረደ ያውቃል፣ ለምን እንደወረደ ግን አያውቅም። አጋዘኑን ያዳነው ፍሬንና ስልክ ሲነካኩ ቆይቶ የተያዘ ፍሬን ለእርሱ አንድ ናቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንዳትም በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ነጥብ ስለሚያስቀንስ፣ ፈረቃዎ ራሱ ይጎዳዎታል፤ ይህን ወኪሉ አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ዋናው ነገር ግን ውሉ ነው፦ አንዳንዱ ፕሮግራም ቅናሽ ብቻ ይሰጣል፤ ፕሮግሬሲቭ የተባለው የኢንሹራንስ ድርጅት እንደሚሰጠው ስናፕሾት ያለው ደግሞ በብዙ ግዛቶች ዋጋ ሊጨምርም ይችላል። ስለዚህ «ነጥቤ ዋጋ ያስጨምራል ወይ? እስከ መቼ ድረስ ከፕሮግራሙ ያለ ጉዳት መውጣት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የስልክ ቃል በእድሳት ቀን አይገኝም።

መልስ 2፦
መሣሪያውን መንቀል ብቻውን አይበቃም ለማለት ያህል ነው። የአዳዲስ መኪኖች የራሳቸው ኢንተርኔት መረጃውን ያወጣል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የመኪና አምራቹን ጄኔራል ሞተርስን የከሰሰው የአሽከርካሪዎችን የአነዳድና የቦታ መረጃ ያለ በቂ ፈቃድ ሰብስቦ ሸጧል በማለት ነበር። የአሽከርካሪዎችን መረጃ ሰብስቦ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚሸጠው ሌክሲስኔክሲስ በስምዎ የያዘውን መዝገብ በነፃ የመጠየቅ መብት ስላለዎት ይጠይቁ፤ የመኪናዎንም አፕ ከፍተው የመረጃ ማጋሪያውን ይዝጉ።

ከጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወኪሉ በኢሜይል በሰጠኝ መልስ ዋጋው ሊጨምር እንደሚችልና ያለ ጉዳት መውጣት የምችለው እስከ ዓርብ ብቻ መሆኑን ገልጾልኛል። ዛሬ ጠዋት ነቅዬ በላኩልኝ ፖስታ አሽጌዋለሁ።