ለፋርማሲ ተማሪዎች የሕፃናት መድኃኒት እደላ ኦስኪ፦ ጣቢያዎቹን እንዴት ላዘጋጅ?

ማራኪ ፋርማ (ጠያቂ)

ሰላም የሙያ ባልደረቦች። ጎንደር ውስጥ ወደ ክለርክሺፕ (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ሊገቡ ለተቃረቡ 24 የፋርማሲ ተማሪዎች በሕፃናት መድኃኒት እደላ ላይ ኦስኪ (ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ የሚፈተነው የተግባር ፈተና) እያዘጋጀሁ ነው። ወረቀት ላይ ስሌቱን አሳምረው ይሠሩታል። ማዘዣ ተቀብለው ከእናት ፊት ሲቆሙ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል፤ የቀኑን መጠን ከአንድ ጊዜው መጠን ጋር ያምታታሉ፣ ማስረዳቱንም «በቀን ሁለቴ ስጪው፣ ገባሽ?» ብለው ይዘጉታል። ለመነሻ ያሰብኩት ማዘዣ የሳንባ ምች ለያዘው 12 ኪሎ ልጅ የታዘዘ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ፣ 250 በ5 (በ5 ሚ.ሊ 250 ሚ.ግ)፣ ለ5 ቀን የሚል ነው። ወጥመዱን የት የት ላስቀምጥ? ነጥቡንስ ምን ላይ ላብዛ? ያለኝ አንድ ላብራቶሪ፣ አራት ፈታኝና ግማሽ ቀን ነው።

የሕፃናት ክፍል ፋርማሲስት

ልጁ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በሽሮፕ ግን አይጀምሩ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሳንባ ምች፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚያስቀድመው በውሃ የሚሟሟውን ባለ 250 ሚ.ግ የአሞክሲሲሊን ኪኒን ነው። መጠኑ በአንድ ጊዜ 40 ሚ.ግ በኪሎ ስለሆነ ለ12 ኪሎ 480 ሚ.ግ ይመጣል፤ ይህም ጠዋት 2፣ ማታ 2 ኪኒን ነው። ለ5 ቀን 20 ኪኒን ይቆጠራል። እርስዎ ያሉት መምታታት እዚህ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ 10 ኪኒን ቆጥሮ የሰጠ ተማሪ የአንድ ጊዜውን እንደ ቀኑ አስቦታል ማለት ነው።

ሽሮፑን «ኪኒኑ አልቋል» በሚል ሁለተኛ ጣቢያ ላይ ያምጡት። 250 በ5 ማለት በ1 ሚ.ሊ 50 ሚ.ግ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ 9.6 ሚ.ሊ፣ ለ10 ጊዜ 96 ሚ.ሊ ይሆናል። አንዱ ባለ 100 ጠርሙስ ለጥቂት ይበቃል። መደርደሪያው ላይ ግን 125 በ5ቱን ብቻ ያስቀምጡ። አሁን የአንድ ጊዜው 19.2 ሚ.ሊ፣ ጠቅላላው 192 ሚ.ሊ፣ ጠርሙሱም ሁለት ይሆናል። ስሌቱን በማዘዣው ሠርቶ ከመደርደሪያው ያገኘውን ያነሣ ተማሪ ለልጁ ግማሽ መጠን ሰጠው ማለት ነው። ስሌት የሚችል ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ መለያውን ሳያነብ ጠርሙሱን ስለሚያነሣ።

በሦስተኛው ጣቢያ ከማዘዣው ላይ ክብደቱን ያጥፉት። ትክክለኛው መልስ ልጁን መመዘን ወይም ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ዕድሜውን አይቶ በግምት ያሰላ ተማሪ ነጥብ አያግኝ።

ላብ ረዳት

ስለ ሽሮፕ አበጣበጥ ልጨምር። ለልምምድ አንቲባዮቲክ አያባክኑ፤ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ስታርች ጨምሩበትና በቀይ ቀለም «ለልምምድ ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት። ጊዜው ያለፈበትን አሞክሲሲሊን የሚጠቀም ካለ ደግሞ የተበጠበጠው ወደ ሲንክ እንዳይፈስስ፤ ተሰብስቦ ከሚወገደው መድኃኒት ጋር ይሂድ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ክዳኑ ሳይከፈት ጠርሙሱን በመዳፍ መታ መታ አድርጎ የረጋውን ዱቄት ማላቀቅ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በመለኪያ ሲሊንደር መለካት። ሁለት ሦስተኛውን ጨምሮ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያ ቀሪውን ጨምሮ እንደገና መነቅነቅ። ውሃው የሚደርስበት ምልክት ያለው ጠርሙስ ከሆነ አረፋው እስኪወርድ ጠብቆ ማየት ያስፈልጋል፤ በአረፋው ልክ ያቆመ ሰው ውሃ አሳንሷል፣ መድኃኒቱም ወፍሯል።

በጣም የሚደጋገመው ስሕተት «ባለ 100 ጠርሙስ ነው» ብሎ 100 ሚ.ሊ ውሃ መጨመር ነው። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። መለያው 70 ሚ.ሊ ጨምሩ ካለ ዱቄቱ የ30ውን ቦታ ይዟል ማለት ነው። ጠርሙሱ ሰፊ ሆኖ 100ውን ከያዘው 130 ሚ.ሊ ይሆናል፤ ባለ 250 በ5ቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው 5000 ሚ.ግ ለ130 ሲካፈል በ1 ሚ.ሊ 38.5 ሚ.ግ አካባቢ ነው። ያ ልጅ በ9.6 ሚ.ሊ የሚያገኘው 480 ሳይሆን 370 ሚ.ግ ገደማ ነው። የውሃው ልክ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ተማሪው ቁጥሩን በቃሉ እንዳይዝ፣ መለያውን እንዲያነብ አድርጉት። ለዚህም ሁለት ጠርሙስ ላይ የተለያየ የውሃ ልክ ጻፉ። ከታች ተጋግሮ የቀረ ዱቄት ካለም ነጥብ ይቀነስ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ይሳሳል፣ የመጨረሻዎቹ ይከብዳል።

ማራኪ ፋርማ

እጅግ አመሰግናለሁ። የ125ቱን ወጥመድ አላሰብኩትም ነበር። ማስረዳቱን ግን እንዴት ነጥብ ልስጠው? «በደንብ አስረዳ» ብዬ ብጽፍ አራቱ ፈታኞች አራት ዓይነት ነጥብ ይሰጡኛል።

ፈታኝ

ቼክሊስቱ ላይ የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ይጻፉ። «በአክብሮት አነጋገረ» ከማለት «እርስዎ ወይም አንቱ ብሎ ተናገረ» ይበሉ። እናትን ገና ሳያውቁ «አንቺ» ማለት እዚህ አገር በሩን ይዘጋል፤ የተቆጣች ወይም ያፈረች እናት ጥያቄ አትጠይቅም። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄም ዜሮ ያግኝ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። ነጥብ የሚያስገኘው «ቤት ሲደርሱ ምን ያህል እንደሚሰጡት በዚህ ሲሪንጅ ቀድተው ያሳዩኝ» ማለት ነው። እናትየዋ ተሳስታ ስትቀዳ ተማሪው አርሞ እንደገና ካላስቀዳት ግማሹን ብቻ ይስጡት። «አንድ ማንኪያ» የሚል ቃል ከወጣ ይቀንሱ፤ የየቤቱ ማንኪያ ልኩ አንድ አይደለም።

እናት ሆነው የሚቀርቡትን ቀደም ብለው አንድ ሰዓት ያለማምዷቸው፤ ቃላቸው ለሁሉም ተማሪ አንድ ይሁን። የሕክምና መምህሩ ሮናልድ ሃርደን በ1975 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ላይ ይህን ፈተና ሲያስተዋውቅ ዋናው ሐሳብ ሁሉም ተማሪ በአንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲፈተን ነበር። በአንዱ ጣቢያ እናትየዋ «ባለፈው ፔኒሲሊን ሲወጋ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ አለ» ትበል፤ ግን ከተጠየቀች ብቻ። አሞክሲሲሊንም ከፔኒሲሊን ወገን ነው። ሳይጠይቅ የሰጠ፣ ወይም ሰምቶ ወደ ሐኪሙ ሳይደውል የሰጠ፣ ሌላው ነጥቡ ምንም ያህል ቢሆን ጣቢያውን ይውደቅ። መጠኑን አሥር እጥፍ የሳተም እንዲሁ። ይህን ሕግ ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በድንገት መጣል ማስተማር አይደለም። ከ20 ነጥብ 6ቱን ማዘዣውን ለመመርመር፣ 5ቱን ለስሌት፣ 9ኙን ለማስረዳት ብሰጥ እመርጣለሁ። ስሌቱን ወረቀት ላይ አስቀድመው ፈትነውታል።

ጊዜው ይበቃዎታል። 6 ጣቢያ ያድርጉ፣ አራቱ ፈታኝ ያለባቸው፣ ሁለቱ የጽሑፍ። 7 ደቂቃ ለሥራ፣ 1 ደቂቃ ለመዘዋወር፤ አንድ ዙር 48 ደቂቃ ነው። 24 ተማሪ በ4 ዙር 192 ደቂቃ፣ በየመሃሉ 10 ደቂቃ እረፍት ሲጨመር 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይሆናል። የጨረሱትና የሚጠብቁት እንዳይገናኙ በሁለት በር ያስተናግዷቸው፣ ስልክም አስቀድሞ ይሰብሰብ።

አዘዞ

ከሁለቱ የጽሑፍ ጣቢያዎች አንዱን የመድኃኒት መለያ መጻፍ ያድርጉት። ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ ሰዓቱ፤ ተማሪው በፈረንጅ ቆጠራ 8፡00 ብሎ ከጻፈ እናትየዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ትሰጠዋለች፤ የጠዋቱ መጠን በ6 ሰዓት ዘገየ። «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ። ሁለተኛ የተበጠበጠበት ቀንና የሚጣልበት ቀን፤ እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ሊሆን ስለሚችል ከመለያው ይወሰድ፣ የተረፈው ለታናሹ እንዳይቀመጥም ይነገር። ሦስተኛው ማብቂያ ጊዜው ነው። ጠርሙሱ ላይ 06/2026 ካለ አገልግሎቱ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ቤተሰብ ግን ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ፈተናው ላይ 09/2026 የሚል ጠርሙስ አስቀምጡና ተማሪው በዓመተ ምሕረት እንዲጽፈው አድርጉ። ብዙዎቹ 2018 ይጽፋሉ፤ መስከረም 1 ቀን 2019 የሚገባው በዚያው ወር ውስጥ ስለሆነ ትክክለኛው መስከረም 20 ቀን 2019 ነው።