ሳውዝ ፓርክ ምድር ቤት ልትከራዪ ላሰብሽው እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትል፣ ሳውዝ ፓርክ ርካሽ ምድር ቤት አግኝቻለሁ፣ ልያዘው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ከመፈረምሽ በፊት ይቺን አንብቢልኝ።

እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ሐይቁን ጠዋት ያየሽበት ቦታ ማታም ታገኚዋለሽ። እዚህ ግን ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በሳውዝ ፓርክ በኩል የሚያልፈው ዱዋሚሽም ወንዝ ይባል እንጂ ከባህሩ ጋር አብሮ ይሞላል። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ደግሞ ኪንግ ታይድ የሚሉት ትልቁ ሙላት አለ።

ዲሴምበር 27 ቀን 2022 ኪንግ ታይዱ ከዝቅተኛ የአየር ግፊት ጋር ገጠመ። ባህሩን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀል ውሃው ይነሳል። ወንዙ ሞልቶ ሰው ቤት ገባ። አንድ ወዳጃችንን ዕቃ ልናግዘው ሄድን። ግድግዳው ላይ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ቡናማ መስመር ቀርቷል። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ለሦስት ሰው ከበደን። የልጆቹ የልደት ወረቀት አልጋ ስር ካርቶን ውስጥ ነበር። አንዱን ከአንዱ ማላቀቅ አልቻልንም። እባካችሁ፣ ወረቀታችሁን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

የተከራይ ኢንሹራንስ ነበረው። ጎርፍ አይሸፍንም አሉት። አብዛኛው እንዲሁ ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፣ ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል። የፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግን ሥራ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ እገዛለሁ አትበሉ፣ በሴፕቴምበር ጨርሱት።

ከተማው የባህር ግንብ ሠርቶ የለ እንዴ የምትሉም አላችሁ። ሠርቷል፣ ግን ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ኤልየት ቤይ የሚባለው የባህር ዳርቻ ላይ ነው። የድሮውን ግንብ እንጨት ጥቃቅን የባህር ፍጥረታት በልተውት ነበር። በ2012 ነዋሪው 290 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ (የከተማው ብድር) በድምፁ አጽድቆ አዲስ ተሠራ። ከሥሩ ለሚዋኙት የሳልመን ዓሣ ጫጩቶች ብርሃን እንዲደርሳቸው እግረኛ መንገዱ ላይ መስታወት ገብቶበታል። ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፣ ድንቅ ሥራ ነው። ሳውዝ ፓርክን ግን አይጠብቅም።

እህቴ፣ ባለቤቱን በ2022 ውሃ ገብቶ እንደነበር በቀጥታ ጠይቂው። ጎረቤትም ጠይቂ። ቤቱን ለማየት ስትሄጂ የሙላት ሰዓቱን አይተሽ በዚያ ሰዓት ሂጂ። ቅዳሜ ከሆነ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ።