«ጠረጠርኩ» ወይስ «ተጠራጠርኩ»? የአንድ ቄስ ጥያቄ

መሪ ለማጅ፦

ሰላም ለዚህ የአማርኛ ቃላት መወያያ ቤት። እስካሁን ዝም ብለው ከሚያነቡት ወገን ነበርኩ፤ ዛሬ ቸግሮኝ ገባሁ። ቄስ ነኝ። ሥራዬም ኑሮዬም አገልግሎት ነበር። አሁን ልለቅ ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማርኩ ነው፤ ያውም ባለ ተሳቢ። መሳቅ ይቻላል፤ ባለቤቴም ስቃለች።

ለምእመናኑ አንድ ገጽ የስንብት ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። እውነቱን ልጽፍ ብዬ ቃል አጣሁ። «ተጠራጠርኩ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው የሆነ ሰው የጠረጠርኩ ይመስላል፤ ገንዘብ ያዡን ምናምን። «እምነት አጎደልኩ» ብል ደግሞ ገንዘቡን የበላሁት እኔ እሆናለሁ። «ካድኩ» አልልም፤ አልካድኩማ። «ደከመኝ» ማለትም ይቻላል። ደክሞኛል። ግን ድካም ብቻ ቢሆን ዕረፍት ወስጄ እመለስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀብር ላይ ቆሜ «ያለ ጥርጥር» የምትለዋ ጋ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ፊቴ የቆሙት ሰዎች ያንን ቃል ይፈልጉታል። እኔ የሌለኝን እየሰጠሁ እንደሆነ ይሰማኛል። ከእሷ በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ እላለሁ፤ እጸልያለሁም። እቺ ብቻ አልወጣ አለች። ይህን በአማርኛ ምን ይሉታል?

ባለ ግእዙ፦

እንኳን ደህና መጡ፣ ቀሲስ። ሥሩ አንድ ነው፤ ጠረጠረ። ልጆቹ ግን ጸባያቸው ለየቅል ነው። ተጠርጣሪ ፖሊስ ጣቢያ የሚገኘው ነው። ተጠራጣሪ ደግሞ ቤቱ ተኝቶ እንቅልፍ ያጣው። ጥርጣሬ ሰው ላይ ይወድቃል፤ «ጥርጣሬ አለኝ» ሲሉ «በማን ላይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥርጥር ግን የመጽሐፍ ቃል ነው፤ «ያለ ጥርጥር»፣ «ጥርጥር የለውም» ውስጥ ነው የሚኖረው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ይህ ቃል ሁልጊዜ የሚጠራው የለም ለማለት ነው። «ጥርጥር አለኝ» ብሎ በድፍረት የሚናገር ሰው ብዙ አልሰማሁም።

የቅርጹ ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። መሰከረ ብሎ ተመሳከረ እንደሚል፣ ጠረጠረ ብሎ ተጠራጠረ ይላል። ሁለት ጎረቤቶች «ተጠራጠሩ» ሲባል አንዱ ሌላውን ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን «ተጠራጠርኩ» ሲል ግን ሁለተኛው ማነው? ያው እሱው ነዋ። «ሁለት ልብ ሆንኩ» የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኮማ፦

ባለ ግእዙ፣ አትቸኩል እንጂ። ቅርጽ ብቻውን ምስክር አይሆንም። «ተንቀሳቀሰ» ውስጥ ማን ከማን ጋር ነው? ስብከት ያምራል፤ ሰዋስው ግን እንደዚያ አይሠራም።

ወደ አጠቃቀም እንምጣ። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው። «መምጣቱን ጠርጥሬያለሁ።» «መምጣቱን ተጠራጥሬያለሁ።» የመጀመሪያው ሰውዬ ይመጣል። ሁለተኛው አይመጣም። አንድ ሥር፣ ተቃራኒ ግምት! ጠረጠረ ምልክት አይቶ ወደ አዎ ያጋድላል፤ ተጠራጠረ ወደ አይመስለኝም። ቀሲስ ሁለቱን አንድ አድርገው ስለያዙ ነው የተቸገሩት። ካህናት ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ ለማለት አይደለም፤ ይቅርታ።

ሌላ ነገር። «የስንብት ደብዳቤ» አይበሉ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ከሥራ የሚባረር ሰው የሚሰጠው ወረቀት እሱ ነው። «ተሰናበተ» ሲባል ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ ይሁን ተባረረ አይታወቅም። «የመሰነባበቻ» ይበሉት።

ችሎት አዳማጭ፦

የእኔ ሥራ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ዳኛው ክሱን አንብቦ «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ይላል። አመነ ማለት እዚያ «አድርጌዋለሁ» ማለት ነው። ሁለት በር ብቻ አለ። «እጠራጠራለሁ» የሚል ተከሳሽ ቢመጣ መዝገቡ ላይ የሚጻፍለት ቦታ የለም። ሰው ለእምነትም ሲሆን ይህንኑ የችሎት አማርኛ ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል። ካላመነ ካደ፤ አለቀ። ቀሲስን «ካዱ እንዴ?» የሚሉዋቸው በክፋት ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ በር ስላልተሠራ ነው።

ወንጌሉ ላይ ግን ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ጴጥሮስ በግቢው ውስጥ «አላውቀውም» ሲል ካደ። ቶማስ ካላየሁ አላምንም አለ እንጂ አላውቀውም አላለም። እንደ ሕግ ሰው ካያችሁት የጴጥሮስ ይብሳል፤ ሲያውቅ ነው የካደው። ስሙ ለተጠራጣሪ መጠሪያ ሆኖ የቀረው ግን ቶማስ ነው። ይህ ፍርድ ይግባኝ ያስፈልገዋል።

መሪ ለማጅ፦

ስለ ጴጥሮስ ካነሳችሁ፣ እኔ ስሰብክበት የኖርኩት ሌላ ቦታ አለ። በውኃው ላይ ሲራመድ መስጠም የጀመረ ጊዜ፤ «አንተ እምነት የጐደለህ፥ ስለምን ተጠራጠርህ?» የተባለው። ሰባኪ ሁሉ ጥያቄዋን ይወዳታል። ከጥያቄዋ በፊት ያለውን ግን ተመልከቱት። «እጁን ዘርግቶ ያዘውና» ነው የሚለው። መጀመሪያ ያዘው፤ ከዚያ ጠየቀው። እዚያ «ያዘውና» መጨረሻ ላይ ባለችው «ና» ብዙ ቆሜያለሁ።

ሌላው የልጁ አባት ነው፣ በማርቆስ ወንጌል። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» የእኔ ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እሱ ግን ጥርጥር አላለም። አለማመን ነው ያለው።

ኮማ፦

«እርዳው»ን አይተዋታል? ተረጂው አለማመኑ ነው። በሰዋስው ከሄድን ሰውዬው አለማመኔን አግዝልኝ ያለ ነው የሚመስለው! ይህን የምለው ለመቀለድ ነው፤ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። ግን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ የተንገዳገደ መሆኑን እወደዋለሁ። የተጨነቀ ሰው አነጋገር ነው፤ ባቀናው አላስተካክለውም።

ስፖንዳ፦

እኔ የቃላት ሰው አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ። ልጄ ነች እዚህ ያስገባችኝ። ቀሲስ፣ ወደ እኛ እንኳን መጡ። ቅዳሴ በግእዝ ነው፤ መኪና ደግሞ በጣሊያንኛ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ታርጋ፣ ስፖኪዮ፣ የእኔም ስም ስፖንዳ፤ ሁሉም የእነሱ ነው። «አሽከርካሪ» የሚለን ትራፊክ ፖሊስና ዜና ብቻ ነው። እኛ «ሾፈረ» ነው የምንለው፤ እሱ ከፈረንጅ ቢመጣም ግሱ እንደ አገሩ ልጅ ሆኖ ይረባል። ሾፍር፣ ይሾፍራል፣ ሲሾፍር አደረ።

መጠራጠርን በተመለከተ፣ የመኪና አስተማሪዎ ምን እንዳሉዎት ባላውቅም እኔን ያስተማረኝ ሰው አንድ ተረት ብቻ ነበር ያለው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። ጠዋት ሳትነሳ ጎማውን መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማ። ተሳቢው የተያያዘበትን ቦታ በዓይንህ ሳይሆን በእጅህ እየው። ፍሬኑ በንፋስ ነው የሚሠራው፤ ንፋሱ እስኪሞላ መርፌዋን እያየህ ጠብቅ። ከዚያ ሞተሩን አጥፋና ፍሬን ረግጠህ ያዝ። እንደያዝክ መርፌዋ መውረዷን ከቀጠለች ወይም «ሽሽሽ» ካለ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ትናንት ደህና ነበር ብሎ ነገር የለም። ትናንት ደህና የነበረ ነው ሰው የሚገድለው።

መሪ ለማጅ፦

እኔንም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ስማቸው ይቅርና አስተማሪዬ «ቀሲስ፣ ማመን ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚህ ግን መኪናውን እንዳያምኑት» ይሉኛል። በመጀመሪያው ሰሞን ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ተሳቢው ሥር ተንበርክኬ ቱቦ ስዳብስ አንድ ነገር ገባኝ። ስጠራጠር ያልተወቀስኩበት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። እንዲያውም ሳልጠራጠር ስቀር ነው የሚቆጡኝ።

ባለ ግእዙ፦

ቀሲስ፣ እዚህ ጋ ግን ልሞግትዎት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ጠረጠረ ነው፤ ተጠራጠረ አይደለም። ተረቱ የሚያሞግሰው ጥንቃቄን ነው። የያዕቆብ መልእክት የሚነቅፈው ደግሞ ሁለተኛውን ነው፤ «የሚጠራጠር ሰው በነፋስ እንደ ተገፋና እንደ ተነቃነቀ የባሕር ማዕበል ነውና» ይላል። ዝቅ ብሎም «በመንገዱም ሁሉ» የሚወላውለውን ያነሳል። መወላወል ለሹፌርም አይሆንም። ቱቦውን ፈትሾ ተነሥቶ መንዳት አንድ ነገር ነው፤ መሐል መንገድ ላይ ልሂድ አልሂድ ማለት ሌላ።

የሉቃስንም አትርሷት፤ ዕርፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከተው። ለመንቀፍ አይደለም፤ ደብዳቤው ሲነበብ አንድ ሰው ይህችን ጥቅስ ማንሣቱ ስለማይቀር ነው።

ስፖንዳ፦

ወንድሜ፣ ዕርፍ ስፖኪዮ የለውም። በእኛ ሥራ ወደ ኋላ የማያይ ሰው ነው ከመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚወድቀው። ባለ ተሳቢን ወደ ኋላ ስታስገባ ደግሞ መሪውን ወደ ግራ ካዞርክ ተሳቢው ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ለቀሲስ አሁን የሚያስጨንቃቸው እሱ ይመስለኛል፤ ሉቃስ አይደለም።

አንድ ነገር ልበልና ልውጣ። ጭነት የሚሰጠኝ ሰው «አማኝ ነህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቀው «ታማኝ ነህ ወይ?» ብሎ ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ንብረት ጭኜ፣ እሱ ቤቱ ተኝቶ እኔ ሌሊት እነዳለሁ። እኛ ይህንንም «እምነት» ነው የምንለው።

ባለ ግእዙ፦

አባባ ስፖንዳ፣ የቃላት ሰው አይደለሁም ብለው ከሁላችንም ቀደሙ። አማኝ፣ ታማኝ፣ ምእመን፣ እምነት፣ ሁሉም ከአመነ ናቸው። ሃይማኖትም የሩቅ ዘመዳቸው ነው፤ በሶርያ ቋንቋ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ። አሜንም ከዕብራይስጡ በዚያው ሥር ነው። የአማርኛው እምነት ሁለት ሸክም ተሸክሟል፤ በእግዚአብሔር ማመንንም፣ ንብረት አደራ መስጠትንም። ለዚህ ነው ቀሲስ «እምነት አጎደልኩ» ሲሉ ገንዘብ የበሉ የሚመስለው። «እምነት ማጉደል» በሕጉም ወንጀል ነው።

ስለ ጸሎተ ሃይማኖትም አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በኒቅያ በ325፣ ከዚያም በቁስጥንጥንያ በ381 ከተሰበሰቡት አባቶች የወረስነው ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በግእዙ «ነአምን» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናምናለን፣ በብዙ። «አአምን» አይደለም። ቀሲስ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሁንም ቦታ ያላቸው ይመስለኛል፤ ብቻቸውን አልተጠየቁማ።

ችሎት አዳማጭ፦

ወደ ደብዳቤው እንመለስ እንጂ። «ክህነቴን ተውኩ» ይበሉ «ለቀቅኩ»? «ቆብ ጣለ» ለመነኩሴ ነው፤ ለቄስ አይሆንም፤ ደግሞም ስድብ አለበት። «ተሻረ» ሌላ ሰው የሻረው ነው። «ፈረሰ» ጥፋት ያለበት ያስመስላል። እኔ «ከአገልግሎት ወጣሁ» እላለሁ። ማንንም አይከስም። ወጣ ያለ ሰው ደግሞ መመለስ አይከለከልም።

ኮማ፦

እስማማለሁ። «ልቡ ሸፈተ» የሚል ሰው ግን ይኖራል፤ ተዘጋጁ። የማይከፋ አባባል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሕይወት ያለው እሱ ነው። ጸሐፊ ብሆን እሱን እወስድ ነበር። በደብዳቤ ላይ ግን አይጻፍም።

መሪ ለማጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሁሉም በላይ የኮማ «መምጣቱን ጠርጥሬያለሁ» ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ትናንት ማታ ረቂቁን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። መካከሉ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦

«ከአገልግሎት የምወጣው ስለ ካድኩ አይደለም። ቀብር ላይ ቆሜ ‹ያለ ጥርጥር› ማለት ስላቃተኝ ነው። ‹ያለ ጥርጥር› የሚል ካህን ይገባችኋል። እኔ እግዚአብሔር መኖሩን ጠርጥሬያለሁ። ዛሬ በእጄ ያለው ይህ ነው።»

ባለቤቴ አንብባ «‹ጠርጥሬያለሁ›ን እንደ ስድብ ነው የሚሰሙት» አለች።

ኮማ፦

ልክ ናት። በዕድሜ የገፉት እግዚአብሔርን ሌባ ያደረጉት ይመስላቸዋል። «ሳይኖር እንደማይቀር እጠረጥራለሁ» ቢሉት አጋድሎቱ ይሰማል፤ ማንም አይሳሳትም። ረዘመ፤ ግን ይርዘም። «ዛሬ በእጄ ያለው ይህ ነው» የምትለዋን ደግሞ ያውጧት። ከፊቷ ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይቆማል።

መሪ ለማጅ፦

የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛዋን አላወጣትም፤ እሷ የእኔ ናት። እሑድ ይነበባል። ሰኞ ደግሞ ተሳቢውን ወደ ኋላ የማስገባበት ፈተና አለኝ። አባባ ስፖንዳ፣ ያቺን የግራና ቀኝ ነገር አንዴ በዝርዝር ይጻፉልኝ።

ስፖንዳ፦

መሪውን ከታች ይያዙት። ተሳቢው እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት እጅዎን ይውሰዱ፤ መሪው ራሱ ተገልብጦ ይዞራል። ቀስ ብለው፣ ጥቂት ጥቂት። ሲጣመም አይታገሉት፤ ወደ ፊት ሳብ አድርገው ያቅኑትና እንደገና ይጀምሩ። ፈታኙ ቢያይም ግድ የለም፤ እሱም ሲሾፍር እንደዚያው ነው የሚያደርገው።