«ሰኔና ሰኞ» ዘንድሮም ገጠሙ፤ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ስለሚጥም ነው?

ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2018 ሰኔ 1 ሰኞ ነው የሚውለው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ወንድሜ ሊከፍት ያሰበውን ሱቅ «ሰኔና ሰኞ ይለፍ» ብላ አስቁማዋለች። የአባባሉ ትርጉም በትክክል ምንድን ነው? እውነትነትስ አለው?

ከደብረ ሲና፦
እህቴ፣ ትርጉሙ ብዙ አያከራክርም። ሰኔ በሰኞ ሲብት ዓመቱ ክፉ ነው ይባላል። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ፣ መከራ የተደራረበበትን ሰው ሁሉ «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» እንላለን። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ቅዳሜ ቢሆንም ግድ የለም።

ጉልበቱ መጀመሪያ ከድምፁ ነው። «ሰ» እና «ሰ»፤ አንዴ የሰማው አይረሳውም። ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም። «ሐምሌና ሐሙስ»ም እኮ ይገጥማል፤ ማንም አይፈራውም። ሰኔ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ክረምቱ የሚገባበት፣ የእርሻው ሥራ የሚከብድበት ወር ነው። ሰኞ ደግሞ... ያው ሰኞ ነው።

እውነትነቱን በሒሳብ እንየው። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ሰኞ ይውላል። በመካከሉ 270 ቀን አለ፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ከሐሙስ አራት ቀን ወደፊት ስትቆጥሪ ሰኞ ላይ ነሽ። በዚህ ስሌት 1990፣ 2001፣ 2007፣ 2012 እና 2018 ሰኔና ሰኞ የገጠሙባቸው ናቸው። አንዳንዴ በአምስት፣ አንዳንዴ በስድስት፣ አንዳንዴም በ11 ዓመት ይመለሳል። ምንም ምስጢር የለውም፤ የቀን አቆጣጠር ነው።

የሚያምኑበት ሰዎች ማስረጃ አያጡም። 1990 የባድመ ጦርነት የተነሳበት ዓመት ነው። 2012 ኮሮና ገባ። ወደ ኋላ ብንሄድ 1928ም ሰኔ 1 ሰኞ ነበር፤ ጣሊያን በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ የገባው በዚያ ዓመት ነው። ይህን ሲሰሙ የማይደነግጡ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፤ የባድመውም ጦርነት የጀመረው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነው። ሰኔ ሳይመጣ ሰኞ ተወቀሰ!

ያልገጠመውንም እንቁጠር። የ1977 ድርቅ ሕዝብ ሲፈጅ ሰኔ 1 ቅዳሜ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናትና ጄኔራሎች ሲገደሉም ሰኔ የገባው ቅዳሜ ነው። «ሰኔና ቅዳሜ» የሚል አባባል ግን የለንም። 2001ን ደግሞ በክፉ የሚያነሳ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የሚያጣብቅ ሐረግ የገጠመለትን ይቆጥራል፣ ያልገጠመለትን ይዘላል።

ከመሐል ሜዳ፦
ልጄ፣ ሒሳብህ ደህና ነው። ግን የመንዝን ሰው ብትጠይቀው የሰኔን ክፋት ከሰኞ አይፈልገውም። በልግ ዘንቦ ገብሱ ከደረሰ ሰኔ ጥሩ ነው። በልግ ከቀረ ሰኔ ረሃብ ነው፤ ማክሰኞም ይግባ ረቡዕ። አባባሉን ግን አትጣሉት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሕጉንም ታሪኩንም የያዘው በእንዲህ ያለ ቃል ነው። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ዱላ ያነሳ እጅ እዚያው ይቆም ነበር። ሁለት ቃል ብቻ። ከዚህ በላይ ምን ጉልበት አለ?

ከደብረ ሲና፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የሚያሰጋኝ ሌላው ወገን ነው። በድሮው የቃል ሙግት፣ በበላ ልበልሃ ችሎት፣ እውነት ይዞ አፉ የተያያዘበት ሰው፣ ቤት በሚመታ አንደበተ ርቱዕ ፊት ምን ይውጠው ነበር? ዛሬም እንደዚያው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እስቲ ቤቱን አፍርሰን እንበለው፦ «ሰው ያልተጠራጠረ ይዘረፋል»። ወዲያው «ሁልጊዜ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ደግሞ ቢፈታ «ባለሥልጣን ካልሰረቀ ኋላ ይጸጸታል» ነው። እንዲህ አድርጎ በስብሰባ ላይ የሚናገር ማን አለ? በአባባል ሲመጣ ግን እየሳቅን እናሳልፈዋለን።

ከሁሉ የሚከፋኝ የ1966ቱ የደርግ መፈክር ነው፦ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም»። ደም፣ ትቅደም። እንዴት ይገጥማል! ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ «ትቅደም» የሚለው ቀጠለ፣ «ያለ ምንም ደም» የሚለው ቀረ።

ከዓለም ከተማ፦
አባባል እንደ ማስረጃ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ለሁሉም ወገን ይገኛል። መናገር ያልፈለገ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። መናገር የፈለገ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ በአንድ ቀን ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ ጠዋት ለራሱ፣ ከሰዓት ለልጁ።

ከመሐል ሜዳ፦
ይኼስ እውነት ነው። መፈክር ካነሳችሁ «መሬት ለአራሹ»ን አትርሱ። ተማሪዎች በ1957 ይዘውት ሲወጡ ሁለት ቃል ነው፤ ልብ ይነካል። ነገሩ ያለው «ለ» ላይ ነው። ሊሸጥ ሊለውጥ ነው ወይስ አርሶ ሊበላ? መፈክሩ አይናገርም። የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ሲወጣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፣ መሸጥ መለወጥ የለም ተባለ። በደቡብ ጭሰኛ የነበረው እፎይ አለ፤ ከሰብሉ የሚቆረሰው ቀረለት። በመንዝ ግን አብዛኛው አራሽ ድሮውንም ባለርስት ነበር፤ በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ ርስት ይጠይቃል። እሱ «ለአራሹ» ሲባል የገዛ መሬቱን ማን መልሶ እንደሚሰጠው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።